ከአንድ ቤት አንድ ሰው

የልጇ ሰማያዊ የሥራ ጋውን ረቡዕ ጠዋት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጋውን የሚታጠበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እናት ግን ሐሳቧ ሌላ ስለነበር አይታ እንዳላየች አልፋው እሷና ልጇ በፈረቃ ወደሚሠሩበት የልብስ ፋብሪካ ወጣች። ከሥራ የሚሰናበት ሰው ጋውኑን አጥቦ እንደሚያስረክብ ትዝ ያላት ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጠዋቱ ፈረቃ ሊለቅ የከሰዓቱ ገብቶ የልጇ ወንበር ባዶውን ሲቀር። የምትሰፋውን ኪስ ጥላ ተነሳች።

ፋብሪካው ለብርድ አገር ሰዎች ወፍራም ካፖርት ሲሰፋ ኖሯል። ዘንድሮ የባሕር ማዶው ገበያ ወደቀና ገዢዎቹ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። «እንግዲያው ለራሳችን ሰው እንስፋ» ተባለና የተማሪ ዩኒፎርም መጣ። ዩኒፎርም ገበር የለው፣ ኮፍያ የለው፤ ግማሹ ሠራተኛ ይበቃዋል። ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ከአንድ ቤት የሚቀጥለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚለቀው ጉልበት ካለው ጠረፍ ድረስ በሚዘረጋው አዲስ መንገድ ላይ ይቀጠራል። ስም የሚሰጠው እስከ ረቡዕ ነው።

እናት ማንንም አላማከረችም። የምትለቀው እሷ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ የምትሰጠው ማመልከቻም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ይዛው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሮጠች።

«እናቴ፣ ልጅዎ በምሳ ሰዓት ፈርማ ጋውኗን አስረክባለች» አላት ጸሐፊው።

«የእሷን ሰርዘው! የእኔን ውሰድ!»

«ስሟ ተልኳል። መኪናው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል።»

ወሬ ቀድሞ ስለሚደርሳት «ራዲዮ» የሚሏት የሥራ ባልደረባዋ በሩ ላይ ያዘቻት። «ምን ያስለቅስሻል? ሥራ እንጂ ጦር ሜዳ አልሄደች!»

«ድንጋይ ይናዳል፣ ወባ አለ፣ ሾፌሩ ይሰክራል...»

«ኧረ ሾፌሩ ገና መኪናው ላይ አልወጣም!»

እቤት ስትደርስ ልጅቷ ሻንጣዋን በገመድ ታስር ነበር።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር?»

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን ይቀርብኛል?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ እማዬ። አንቺን በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል? እኔ ድንጋይም ቢሆን እሸከማለሁ።»

እውነቷን ነው። እናትን አንጀቷን የቆረጣትም እውነት መሆኑ ነው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ፣ «መስኮት ጋ እንዳትቀመጪ» አለቻት። «ከሾፌሩ ጀርባም እንዳትሆኚ። በሩ አጠገብም...»

«ታዲያ ጣሪያው ላይ ልውጣ?»

ሳቁ። እናት ሳቋን ሳትጨርስ ሞተሩ ተነሳ።

ማታ ራት አልበላ አላት። በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። የከሰዓት ፈረቃ የሚለቀው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጅቷ ሳትገባ ዘግታ ተኝታ አታውቅም። አራት ሰዓት ሲሆን የሴቶች ድምፅ በመንገዱ ተሰማ። ብድግ አለች። የእግር ኮቴው ደጇ ደርሶ አለፈ።

ነገ የጠዋት ተረኛ ናት፤ ብታረፍድ ሰበብ ይሆንባታል፤ ልጇ የለቀቀችላትን ወንበር ደግሞ በእንቅልፍ ልታጣው አይገባም።

በሩን ገፋ አድርጋ ገጠመችና ቁልፉን አዞረችው።