ጃንጥላ የተዘረጋለት ወረቀት

በባዕድ አገር የተናገረው ውሸት በዚያው በባዕድ አገር ተቀብሮ የሚቀርለት የሚመስለው ሰው፣ ውሸት በድንበር ላይ ፓስፖርት እንደማይጠየቅ ያልተረዳ ነው። አባቶች «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ያሉት እውነት ነው፤ ስንቅ የሚቀለው ግን ተሸካሚው እየበላው ስለሚሄድ ነው። ውሸታምም እንዲሁ የራሱን ውሸት እያላመጠ ይውጠዋል፤ ባለቀ ጊዜም እውነት የበላ መስሎት አፉን አብሶ አደባባይ ይወጣል። በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ በአቶ ክንፉ ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው።

አቶ ክንፉ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት ተሳፋሪ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ቫን ሲነዱ ኖረዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የወርቅውሃ ጋር ሌክ ሜሪት የተባለውን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያይ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። በዚህ ዓለም አጥብቀው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም የአገራቸው ልጆች በከተማው ያቋቋሙት ማኅበር የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል መሆን ነው። ይህ ጉባኤ የተጣሉ ባልና ሚስትን የሚያስታርቅ፣ አምስት ወንበር ያለው ሸንጎ ነው። ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ልጃቸው ዘንድ ወደ ሳክራሜንቶ ስለ ሄዱ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ነበር። አቶ ክንፉ በየሠርጉና በየልቅሶው ሲጠሩ የኖሩት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ «ጋሽ ክንፉ፣ እንግዶቹን ከኤርፖርት ፒክ አፕ ያድርጉልን» ለመባል። አሁን ግን መሪ ከመጨበጥ ወደ ምክር መስጠት ሊሸጋገሩ ቆርጠዋል። የማኅበሩ ደንብ ከእጩው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በትዳሩ የተመሰገነ እንዲሆንና በአባላቱ ፊት አንድ ትምህርት ሰጪ ንግግር እንዲያደርግ። ትዳሩ የሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ንግግሩም አላስጨነቃቸውም፤ ቻይና ደርሰው መጥተዋልና።

ከቤታቸው በር ላይ ያለውን ቻይና ግን አያውቁትም ነበር። በየማለዳው በሐይቁ ዳር የቻይና አዛውንት ተሰብስበው እጃቸውን ቀስ እያደረጉ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ፣ አቶ ክንፉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመካከላቸው አልፈው ወደ ቫናቸው ሄደዋል። ከአዛውንቱ አንዷ እዚያው ፎቅ ላይ ጎረቤታቸው ናት። ሊፍት ውስጥ በተገናኙ ቁጥር እጇን ከፍ አድርጋ ሰላም ትላቸዋለች፤ እሳቸውም የቁልፋቸውን መያዣ አንቃጭለው ይመልሱላታል። ወዳጅነት የሚገኘው በአውሮፕላን ተጉዘው ሲሄዱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ባለፈው ጥቅምት፣ የሥራ ባልደረባቸው ኤርምያስ ባገኘው የቡድን ጉብኝት አብረው ቼንግዱ ወደምትባለው የቻይና ከተማ ሄዱ። በአንድ የእሑድ ቀን አስጎብኚው በከተማው መናፈሻ ውስጥ ለቀቃቸው። መናፈሻው ደማቅ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ትልቅ ብሩሽ ውኃ እየነከረ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ይጽፋል፤ ጽሕፈቱን ሳይጨርስ ፀሐይ ከኋላው ታደርቅበታለች፤ እርሱም አይከፋም። ሌሎች ከቀርከሃ ወንበር ላይ ተዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ደግሞ፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ብዙ ጃንጥላ በመሬት ላይ ተዘርግቶ አገኙ። በእያንዳንዱ ጃንጥላ ላይ የተጻፈ ወረቀት ተሰክቷል፤ ከኋላውም አባት ወይም እናት በትንሽ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ልጃቸው ሳያገባ የቆየባቸው ወላጆች በዕረፍት ቀን ወደ መናፈሻ ይወጣሉ፤ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ትምህርትና ሥራ ጽፈው በጃንጥላ ላይ ይሰኩና አማች ይፈልጋሉ። ሽማግሌ ልኮ ሚስት በሚጠይቅ ሕዝብ መካከል ላደገ ሰው ይህን መገመት ባልከበደ ነበር። አቶ ክንፉ ግን በጃንጥላው ላይ ሌላ ነገር አዩ። በእሳቸው አገር ጃንጥላ የሚዘረጋው ለታቦትና ለከበረ ሰው ነው፤ ስለዚህም ስሙ በጃንጥላ ላይ የዋለ ሁሉ የከበረ መሰላቸው። ማንንም አልጠየቁም። የማይጠይቅ ሰው ደግሞ መቼም መልስ አያጣም።

መጀመሪያ የተጠየቀው ኤርምያስ ነው። አንዲት መነጽር ያደረገች አሮጊት ወደ ስልኳ ተናገረች፤ ስልኩም በእንግሊዝኛ «ሚስት አለህ?» አለው።

«አለኝ! ሦስት ልጆችም አሉኝ!» አለ ኤርምያስ ደስ ብሎት።

የተሰበሰበው ሰው ወዲያው ተበተነ። አሮጊቲቱም በትሕትና ፈገግ ብላ ስልኳን ወደ አቶ ክንፉ አዞረች። አቶ ክንፉ የባልደረባቸውን ዕጣ አይተዋል። ባለትዳርን ሰው ሚስቱ ትጠብቀዋለች ብለው የሚያሰናብቱት መሰላቸው፤ እሳቸው ደግሞ መሰናበት አልፈለጉም።

«የለኝም» አሉ።

«ክንፉ!» አለ ኤርምያስ።

«ዝም በል፤ ማን ሊሰማን ነው? የወርቅውሃ ያለችው ኦክላንድ!»

መቀመጫ መጣ፣ ሻይ መጣ፣ የሱፍ ፍሬ መጣ። አሥራ አንድ ሰው ከበባቸው። አቶ ክንፉ በሃያ ሁለት ዓመት የአሜሪካ ኑሮ ይህን ያህል ሰው ዓይን ዓይናቸውን አይቶ አያውቅም፤ ተሳፋሪ የሚያየው ማጅራታቸውን ነው። ስለዚህ ስልኩ ዕድሜ ሲጠይቅ አርባ ስምንት አሉ፤ ሥራ ሲጠይቅ የመጓጓዣ ድርጅት ባለቤት ሆኑ፤ ቤት ሲጠይቅ የሐይቅ ዳር ቤት አለኝ አሉ። ልጅም ሲጠይቃቸው፣ ሳን ሆዜ የምትኖረውን ዮዳሄን በአንዲት ቃል ካዷት። አሮጊቲቱ፣ ወይዘሮ ሊው የተባለች ጡረተኛ መምህርት፣ ይህን ሁሉ በመልካም የእጅ ጽሕፈት ጽፋ ከራሷ ጃንጥላ ላይ፣ ቀድሞ ከተሰካ ሌላ ወረቀት ጎን ሰካችው። በሁለቱም መካከል በቀይ ቀለም አንድ መስመር ጽሑፍ ጨመረችበት። አቶ ክንፉ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሰጥተዋት፣ ከጃንጥላው አጠገብ ደረታቸውን ነፍተው ፎቶግራፍ ተነሡ።

ከተመለሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቼንግዱ አንድ ትልቅ ጥቅል ሻይ በፖስታ መጣ።

«እግዜር ይስጣቸው!» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ እየጠጡ። «አንድ ቀን ላዩት ሰው እንዲህ ይደረጋል? እኛ ጎረቤታችንን ቡና ብለን አናውቅም።»

ወይዘሮ ሊው በየሳምንቱ በስልክ ትጽፍ ነበር። የሐይቁን ደኅንነት ትጠይቃለች። የአንዲት ጸጥ ያለች ሴት ፎቶግራፍም ላከች። አቶ ክንፉ የሚላክላቸውን አንብበው አያውቁም፤ ለሁሉም በሥዕል የተሠራ አውራ ጣት ይመልሳሉ። ወረቀቱም በኅዳር «የወዳጅነት ማስታወሻ» ነበር፤ በጥር «የክብር ወረቀት» ሆነ፤ በመጋቢት ደግሞ «ከከተማው የተሰጠኝ» ይሉት ጀመር። ስንቁ አልቆ ነበር።

በሚያዝያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባላቱ በቴሜስካል ሰፈር በአንድ ምግብ ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ። የአቶ ክንፉ ንግግር ርእስ «የውጭ አገር መንገደኛ ከአገሬው ሕዝብ ጋር የሚወዳጅበት ጥበብ» የሚል ነበር። ወይዘሮ የወርቅውሃ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ዮዳሄም የአባቷን ክብር ለማየት ከሳን ሆዜ መጥታ ከጎናቸው ተቀምጣለች። የጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ሀብቱ በምርኩዛቸው ተደግፈው ያዳምጣሉ።

«ወዳጅነት ሐቀኝነት ይጠይቃል» አሉ አቶ ክንፉ። ከዚያም የጃንጥላውን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ አበሩት። «ይኸውላችሁ! በዚያ አገር ይህ ክብር ለማንም አይሰጥም። አብሮኝ የነበረው ኤርምያስ እንኳ አላገኘውም።»

«እውነት ነው፤ እኔ አላገኘሁም» አለ ኤርምያስ ከጥግ። «አሁን ወደሚቀጥለው ፎቶ እንለፍ፣ ክንፉዬ።»

አቶ ክንፉ ግን አላለፉም። ከሕዝቡ መካከል ቤቴልን አዩ። ቤቴል በዲቪ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚያችው በቼንግዱ ስድስት ዓመት ሕክምና የተማረች ልጅ ናት።

«ቤቴልዬ፣ የቻይናን ፊደል የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ ነይ አንብቢላቸው!»

ቤቴል ተነሥታ ወረቀቱን በዓይኗ አነበበች። ፊቷ ቀላ። «ጋሼ፣ ፎቶው ደብዛዛ ነው መሰለኝ።»

«አጉላው!» አሉ አቶ ክንፉ ማሽኑን ለያዘው ሰው። ፊደሉ እንደ በር ገዘፈ።

«ጋሼ ክንፉ፣ ለብቻዎ ብነግርዎትስ?»

«ትሕትናዋን አያችሁ? የእኔን ምስጋና እሷ አፈረችበት!»

«አንብቢ፣ ልጄ» አሉ አቶ ሀብቱ። «መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚደፋ የለም።»

ቤቴል መሬት መሬት እያየች አነበበች። «ወንድ። አርባ ስምንት ዓመት። የአሜሪካ ነዋሪ። የመጓጓዣ ድርጅት ባለቤት። በሐይቅ ዳር የራሱ ቤት ያለው።» እዚህ ላይ ንባቧን አቆመች።

«ቀጥዪ!» አሉ አቶ ክንፉ፤ ድምፃቸው ግን አሁን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ሚስት የለውም። ልጅ የለውም።»

አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ አንድ በአንድ ወደ ፊት ረድፍ ዞረ።

«ከጎኑ ያለውስ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ሀብቱ።

«የአንዲት ልጅ ነው፤ እናቷ የጻፈችላት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፤ የሒሳብ መምህርት፤ ጠባየ መልካም፣ እናቷን የምትጦር ይላል። በመካከል በቀይ የተጻፈው…» ቤቴል ወደ አቶ ክንፉ ዞረች። «"በንግግር ላይ ነን፤ ሌሎች ባይጠይቁን" ይላል። የጋብቻ መጠያየቂያ ቦታ ነው፣ ጋሼ።»

«ዳድ… ሲሪየስሊ?» አለች ዮዳሄ።

ወይዘሮ የወርቅውሃ ቀስ ብለው ተነሡ። አልጮኹም። «ሻዩ የእሷ ነው?»

«የትኛው ሻይ?»

«ስድስት ወር ሙሉ "እግዜር ይስጥልኝ" እያልሁ የጠጣሁት። የልጅቷ የማጫ ሻይ ነው?»

«የወርቅዬ፣ አገራቸው እኮ ሩቅ ነው! ለጨዋታ ያህል የተባለ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን በሰው ፊት አላዋረድሁህም» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ። «ዛሬም አላዋርድህም። ሚስት የለኝም ብለህ አስጽፈሃል፤ በጃንጥላም ላይ ተሰቅሏል። እኔ ውሸታም አላደርግህም።» ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ዮዳሄ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ተከተለቻቸው። በዚያው ወደ ሳን ሆዜ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ክንፉ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ተጠሩ። ያን ክፍል ሲመኙት የኖሩት ነው። አራቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አምስተኛው ወንበር ባዶውን ነው። አቶ ክንፉ ከልማድ ይሁን ከምኞት ወደዚያው አመሩ።

«ወንድሜ፣ ያኛው አይደለም» አሉ አቶ ሀብቱ፤ በምርኩዛቸውም ከፊት ለፊት ያለውን የተከሳሽ በርጩማ አሳዩአቸው። «ይሄኛው ነው ያንተ።»

«ጋሽ ሀብቱ፣ እኔ ያልሁት እኮ በሰው አገር ነው።»

«ሻዩን ግን የጠጣኸው በቤትህ ነው። ለሚስትህም በእጅህ ቀድተህላታል።»

አቶ ክንፉ በበርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ጉባኤው አስቀድሞ ቤቴልን አስጠርቶ ወደ ቼንግዱ አስደወለ። አቶ ክንፉ በሽማግሌዎቹ ፊት ለወይዘሮ ሊው እውነቱን ተናገሩ፤ ቤቴልም ተረጎመች። አሮጊቲቱም ሁሉን ሰምታ መለሰች።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ሀብቱ።

«በዚያ ቀይ መስመር ምክንያት ሁለት ጠያቂ መልሰናል አለች። ልጄ ግን ከመጀመሪያውም አላመነችውም፤ አውራ ጣት ብቻ የሚልክ ሰው ምን ይታመናል ብላ ነበር አለች። እሑድ ወረቀቱን አወርዳለሁ፤ ጃንጥላዬን እንደገና እዘረጋለሁ አለች። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ሚስቱን ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ ሻዩ ከመልካሙ ነበር፤ እውነቱን አውቃ ቢሆን እንኳ ትጠጣው ነበር አለች።»

ፍርዱ በዚያው ቀን ተሰጠ። አቶ ክንፉ ከእጩነት ተሰረዙ፤ ዳግመኛም እንዳይታጩ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቆመው ያንኑ ወረቀት እያረሙ እንዲያነቡ ተወሰነባቸው፤ አነበቡም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት፣ የቫን ሹፌር፣ ተከራይ፣ የአንዲት ልጅ አባት። ከዚያ በኋላ ስለ ሚስት የምትናገረው አንድ ቃል ቀርታቸው ቆሙ፤ አቶ ሀብቱም እርሷን እንዲያልፏት ነገሯቸው፤ ወይዘሮ የወርቅውሃ በዚያ ሳምንት የፍቺ ማመልከቻ አስገብተው ነበርና። ጉባኤው ለማስታረቅ ሦስት ጊዜ ወደ ሳን ሆዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስት ጊዜም ሻይ ተጋብዞ፣ እንቢታ ሰምቶ ተመለሰ።

ባዶው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ ክንፉ ዛሬ በሌክ ሜሪት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጎረቤታቸው በሊፍቱ ውስጥ አሁንም እጇን ከፍ ታደርግላቸዋለች። ፍቺው በመስከረም ጸደቀ። ሚስት የላቸውም።