የመሰበር ዋስትና

ላፕቶፑ በግሌና ጆሮ አጠገብ አልፎ የማቀዝቀዣውን በር መታና ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለት የፊደል ቁልፎች ተነቅለው እስከ እግሯ ድረስ ተንሸራተቱ። ስክሪኑ ገና አልጠፋም። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ መሣሪያ የያዘ የጨዋታ ወታደር አንድ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቆሟል።

"አየሽው?" አለ ልጇ ኮልተን። "አሥር ሰው ብቻ ነበር የቀረነው። አሥር! ይሄ ቆሻሻ ልክ እዚያ ላይ ቀጥ አለ። ሁሉም በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ሲስቁብኝ!"

"እየሰማሁህ ነው።"

"አትሰሚም። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ የሥዕል ካርድ የሌለው ጨዋታ አይችልም ብዬ?"

ውጭ የጎረቤታቸው ሣር ማጨጃ ተነሳ። ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን ልታነሳ ስትል ቀኝ እጇን ከመዳፏ በላይ ያዛትና ከማቀዝቀዣው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያጋጨው ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። አልጮኸችም። መጮህ ነገሩን እንደሚያስረዝመው ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች።

ለቀቃት። መሳቢያ ዘግቶ እንደጨረሰ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ኢንሹራንስ አለው አይደል?"

"አልቋል። ፋሲካ ሰሞን ሲቀይሩልን አለቀ።"

"እሺ፣ ዛሬ ታክስ የለም። ጫማሽን አድርጊ።"

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሚዙሪ ለትምህርት ዕቃ ታክስ የማትቀበልበት ቅዳሜ ነበር። ግሌና የኦገስት ሙቀት ቢሆንም እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለበሰች። ቁልፉን ስትጨብጥ የቀኝ እጇ ጣቶች አልታዘዝ አሏት። ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ጭን ከአጥንት የምትለየው በዚህ እጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢላ የያዘችው በዚሁ እጅ ነው። ሰኞ እንዴት እንደምትይዘው ለማሰብ ሞከረችና ተወችው።

ፒክአፑን በግራ እጇ እየነዳች ከከተማው መግቢያ ደረሰች። ከዚያ፣ ድምፅዋን በተቻላት መጠን ዝቅ አድርጋ፣ "ኮሌጁ የላከው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው" አለች። "ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ጥገና ተማሪ ካርድ የሌለው ይበቃል ይላል።"

ኮልተን ዳሽቦርዱን በቡጢ መታው። የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ተወርውሮ ተከፈተና የመኪናው ወረቀት፣ የእጅ ባትሪው፣ የአሮጌ መነጽሯ ማኅደር ጉልበቱ ላይ ተበተኑ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መሪውን ወደ ራሱ ጎተተ። መኪናዋ መስመሯን ለቅቃ ወጣች። ከኋላ የነበረው ከባድ መኪና ጡሩንባውን ያለማቋረጥ ነፋ፤ የመንገዱ ዳር ጠጠር ከሥራቸው ተንጫጫ። ግሌና በታመመው እጇ ጭምር ይዛ መሪውን መለሰችው። ሕመሙ እስከ ብብቷ ወጣ።

"ሌላ የምታነቢልኝ ወረቀት አለ?" አለ።

"የለም።"

"ጎበዝ።" ሬዲዮውን ከፈተና ጠጠር የሚወረውር ልጅ ይመስል ሳቀ።

አባቱ ሮይ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ሮይ የአንገቷን አጥንት በሰበረ በሦስተኛው ቀን ትልቅ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። ጥርሷን ሲያወልቅ የልብስ ስፌት መኪና፣ ከደረጃ ሲገፈትራት የቡና ማፍያ። በሷ ቤት ከካርቶን የሚወጣ አዲስ ነገር ሁሉ የአንድ ቀን ትዝታ አለው። በሮይ ዘመን ግን ቢያንስ የሚገዛው የመታው ሰው ነበር። በኮልተን ጊዜ ተገለበጠ። እሱ ይመታል፣ እሷ ትገዛለች። ስልኩም፣ የጨዋታ ወንበሩም፣ አራቱ ጎማዎችም የተገዙት እንደዚያ ነው። ሕመሙ ሳይበርድ ገዝታ ካመጣች ቀጣዩ ወር ሰላም ይሆናል። አንዳንዴ ሁለት ወር።

ሱቁ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። እናቶች ደብተር በክንዳቸው አቅፈው ይጋፋሉ። ላፕቶፕ ክፍል ያለችው ሻንቴል፣ ፀጉሯን በቀጭኑ ተሠርታ ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት፣ ግሌናን ገና ከሩቅ አወቀቻት።

"ወይዘሮ ስትራውድ! እንደምን አደሩ። ያኛው ደግሞ ምን ሆነ?"

"ከጠረጴዛ ወደቀ።"

የመሰበር ዋስትናውን ቅጽ ሦስቱንም ጊዜ የተቀበለችው ሻንቴል ነች፤ ስልኩ ሲሰበር፣ የመጀመሪያው ላፕቶፕ ሲሰበር፣ ከዚያ ታብሌቱ። በሦስቱም ላይ ግሌና በዚያው የእጅ ጽሑፍ "ከጠረጴዛ ወደቀ" ብላ ጽፋለች።

"እኔ እርስዎን ብሆን" አለች ሻንቴል ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ "ላፕቶፑን ትቼ ጠረጴዛውን ነበር የምቀይረው።"

ኮልተን ከት ብሎ ሳቀ። ግሌና እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ሳበች። ሻንቴል አየች፤ ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ።

"ካርድ ያለውን ነው የምንፈልገው" አለ ኮልተን።

"ለምን ሥራ?"

"ለትምህርት።"

"ምን ትምህርት?" ሻንቴል የጠየቀችው ግሌናን እያየች ነበር። "ሁለቱ ከውጭ አንድ ናቸው። ካርድ የሌለው ሥዕል የሚሠራው ከዋናው ማኅደረ ትውስታ እየተበደረ ነው። ለጽሑፍ፣ ለቪዲዮ፣ ለትምህርት ምንም አያንሰውም፤ ቀላል ነው፣ አይጮህም፣ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ካርድ ያለው የራሱ ጓዳ አለው። ለከባድ ጨዋታና ለትልልቅ ንድፍ ጥሩ ነው። ግን ይከብዳል፣ ይግላል፣ ማራገቢያው ሲነሳ ጎረቤት ይሰማል፣ ባትሪውም በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ዋጋው ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።"

"ለሷ ምን ታስረጃታለሽ?" አለ ኮልተን። "ዶሮ መገነጣጠል ነው የምታውቀው። ካርድ ያለውን አምጪ።"

"አንድ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም እኚያ አባት ይዘውታል።"

ከመደርደሪያው ጫፍ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንጠልጠያ የያዙ ሽማግሌ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው በዓይናቸው ሻንቴልን ይፈልጋሉ። ኮልተን ወደሳቸው ሄደ። ግሌና ተከተለችው፤ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ።

"አባባ፣ እሱ የኔ ነው።"

"እኔ ነኝ ቀድሜ ያነሳሁት፣ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ለባለቤቴ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ጋዜጣ ታዘጋጃለች። ግን ያቺ ልጅ ይሄኛው ለናንተ አይሆንም ብላኛለች፤ አንዴ ደግሜ ልጠይቃትና..."

"የምን መጠየቅ? ልቀቀው!"

"ኧረ ቀስ በል። ልመልሰው እኮ ነው።"

ግሌና በዚያች ቅጽበት ልጇን ከጎን አየችው። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ወይም ከታች ሆና ነበር የምታየው። የላይኛውን ከንፈሩን ላሰ። ትከሻውን አንዴ ላላ አደረገ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ዘበኛው የት እንዳለ አየ፤ ጀርባውን እንደሰጠ አረጋገጠ፤ ተመለሰና ሽማግሌውን አፋቸው ላይ በቡጢ መታቸው።

ሽማግሌው ካርቶኑን እንዳቀፉ ወደ ኋላ ተወረወሩ። ጭንቅላታቸው የመደርደሪያውን ብረት ሲመታ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ደም ከቅንድባቸው ወርዶ ነጩን ጢም አቀላው። ኮልተን ካርቶኑን ጎተተ፤ የሽማግሌው ጣቶች ግን እንደተቆላለፉ ቀሩ። ጎናቸውን ረገጣቸው። ደግሞ ረገጣቸው። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ እየጮኸች ሮጠች። ዘበኛው ደርሶ አንገቱን ሲይዘው ኮልተን በክርኑ አፍንጫውን አደማው፤ ሁለት ወንዶች ከሰልፉ ወጥተው ከተጫኑት በኋላ ነው ወለሉ ላይ ያስተኙት። ጉንጩ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ እንኳ በእግሩ ይራገጥ ነበር።

ግሌና አልተንቀሳቀሰችም። ስታስብ የነበረው ስለ አንድ ቃል ነው። ራሱን ስቶ። ለእህቷ ስትነግር እንደዚያ ነበር የምትለው፤ ለራሷም ስታስረዳ። ልጄ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ አያስታውሰውም። አሁን ግን በሩን ሲያይ አይታዋለች። ቤት ውስጥም መጋረጃው መዘጋቱን እያየ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው ሣር ማጨጃውን እስኪያስነሳ ጠብቆ ነበር ማለት ነው።

ፖሊሱ ዱዌይን ፕሩት ሁለተኛ ደረጃን አብሯት የተማረ ሰው ነው። ሲደርስ ኮልተንን በካቴና አስሮ ማተሚያዎቹ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው፣ አቶ ሃስኪን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የወረቀት ፎጣ ግንባራቸው ላይ ይዘዋል።

"ሰው ማሳሰር አልወድም" አሉ ባበጠ አፋቸው። "እኔም ወንድ ልጅ አሳድጌያለሁ። እናቱ ከወሰደችው ይበቃኛል።"

ዱዌይን ግሌናን ወደ ጎን አወጣት።

"ሰምተሻቸዋል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ወረቀት ሰጥቼው ካንቺ ጋር ልለቀው እችላለሁ። ዋስ ሆነሽ ትወስጂዋለሽ?"

"እማ!" ኮልተን ከወለሉ ተጣራ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። "ንገሪው በቃ። ራሱን ስቶ ነው በይው።" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ካርቶኑን ግን ያዢው፤ የመጨረሻው ነው።"

ዱዌይን እንኳ ዞሮ አየው።

ግሌና አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

"ራሱን አልሳተም" አለች። "መጀመሪያ ዘበኛውን ነው ያየው።"

"ምን አልሽ?"

"ዘበኛው መዞሩን አይቶ ነው የመታቸው። አጠገቡ ነበርኩ።" የሸሚዟን ቁልፍ በግራ እጇ ፈትታ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ክንዷ ከመዳፏ በላይ አብጦ ጠቁሯል፤ የማቀዝቀዣው ጠርዝ መስመር በግልጽ ይታያል። "ይሄ ደግሞ የዛሬ ጠዋት ነው። ዱዌይን፣ ቤት አልወስደውም።"

ዱዌይን ክንዷን አየና ደብተሩን አወጣ። "ቃልሽን ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ?"

"በግራ እጄ ከሆነ።"

"እንደፈለግሽ። ከፈለግሽ እየነገርሽኝ እኔ እጽፈዋለሁ።"

"አይ። ራሴ እጽፈዋለሁ።"

ኮልተን የሆነውን ሲረዳ የልጅነት ድምፁ ጠፋ። "አንቺ አሮጊት!" ብሎ የማተሚያውን መደርደሪያ በጫማው ገጨው፤ ሁለት ማተሚያዎች ተከታትለው ወደቁ። "ሰኞ መጥተሽ ታስፈቺኛለሽ! ታውቂዋለሽ! ያለኔ ማን አለሽ? ማን አለሽ!" ዱዌይንና ዘበኛው ብብቱን ይዘው በሰው መሀል ሲወስዱት ጩኸቱ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ተሰማ። ግሌና መደርደሪያውን ተደግፋ ቆመች።

ቃሏን ጽፋ ስትጨርስ ዱዌይን ክንዷን ለሐኪም እንድታሳይ አጥብቆ ነገራት። እሺ አለችው። ወደ በሩ ከመሄድ ግን ወደ ላፕቶፕ ክፍሉ ተመለሰች። ፊደሎቿ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተጣመው የወጡበት ወረቀት ዓይኗ ላይ ነበር።

ሻንቴል ሁለቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ካርድ ያለው አንድ ጥጉ ተጨራምቷል፤ እጀታው አካባቢ የአቶ ሃስኪን ደም ጠቁሮ ደርቋል።

"ዛሬ መግዛት የለብዎትም፣ ወይዘሮ ስትራውድ።"

ግሌና ከቦርሳዋ የኮሌጁን ወረቀት አወጣችና በመዳፏ አስተካክላ ዘረጋችው። "ትምህርቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ካርድ የሌለው ይበቃል ይላል። እሱን ስጪኝ።"

"ለሱ ነው?"

"ትምህርት ከገባ ለሱ። ካልገባ ለኔ።"

ሻንቴል ቀላሉን ካርቶን አነሳች። ሒሳቡን መታችና፣ እንደማፈር ብላ፣ የመክፈያውን ስክሪን ወደ ግሌና አዞረች።

"ይቅርታ፤ ካልጠየቅኩ አያሳልፈኝም። የመሰበር ዋስትና ልጨምርልዎት? ሁለት ዓመት፤ ቢወድቅም፣ ቢሰነጠቅም..."

የግሌና ጣት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳይጠየቅ "አዎ" የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው አየር ላይ ቆመ።

"አይ" አለች። "ይሄኛው አይሰበርም።"

ጣቷን አንስታ ሌላኛውን ነካች።