የጋሼ ደረጃ የሌባ ሰዓት

እኛ ቢሮ ኮድ ማደስ እንደ ቤት እድሳት ነው፤ አስተያየት የሌለው ሰው የለም፣ አካፋ የሚይዘው ግን አንድ ነው። ሰሞኑን አካፋው እኔ እጅ ገባ።

የምንሠራው ለአንድ ክሊኒክ ነው። ታካሚው ፓስወርዱን ያስገባና የምርመራ ውጤቱን ያያል። ያንን መግቢያ የጻፉት ጋሼ ደረጃ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ኮዳቸው ኮልባክ ውስጥ ኮልባክ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ፣ እየገባ እየገባ ልክ እንደ ምድር ቤት ደረጃ ስለሚወርድ።

ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ወንበሬን አስጠግተው፣ «ዳታቤዙን ጠይቀህ አፍ አፉን እያየህ አትቁም፤ ‹ስትጨርስ በዚህ ጥራኝ› በለውና ወደ ሥራህ ሂድ። ኮልባክ ማለት ይኸው ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። ጡረታ ሲወጡ የወንበራቸው ትራስ እዛው ቀረች። ማንም አያነሳትም።

አለቃችን ግን ለትዝታ ጊዜ የላትም። «በፕሮሚስ ቀይረው! አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እዛ ደረጃ ላይ እየወደቀ ይሰበራል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፕሮሚስ ዳታቤዙ መልሱ እስኪደርስ የሚሰጥህ ነገር ነው፣ ልክ እንደ ልብስ እጥበት ቤት ደረሰኝ፤ አሁን ደረሰኙን ትይዛለህ፣ ልብሱን ሲደርስ ትወስዳለህ። ኮዱም ሜዳ ይሆናል።

ቀየርኩት። ደረጃውን ስደመስስ ያደግኩበትን ቤት የማፈርስ መሰለኝ። ለሙከራ በፈጠርነው ታካሚ ስም፣ በትክክለኛው ፓስወርድ ገባሁ። ሠራ! አለቃችን «በቃ ለክሊኒኩ ልቀቀው» አለች።

ልለቀው ስል ዓይኔ ትራሷ ላይ አረፈ። ጋሼ እኮ ምንም ነገር ከመልቀቃቸው በፊት ብድግ ብለው «የሌባ ሰዓት!» ይሉ ነበር። ቢሮው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣና እንደ ሌባ በተሳሳተ ፓስወርድ ለመግባት ይሻማል። የገባ ምሳ ይጋበዛል። ማንም በልቶባቸው አያውቅም። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ነገሩ ቀረ።

«የሌባ ሰዓት!» አልኩ፣ እያፈርኩ።

«ውይ! እሱ ነገር አልተቀበረም እንዴ?» ብላ ባልደረባዬ ሳቀች። መጣች ግን። የሙከራውን ታካሚ ስም ጻፈችና ፓስወርዱ ላይ «ድመት» ብላ መታችው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ስክሪኑ። የታካሚው ውጤት ፊታችን ዝርግፍ አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ለቅቄው ቢሆን ኖሮ የስንቱ ሰው ገመና አደባባይ ይወጣ ነበር!

ጥፋቱ የት እንዳለ ገባኝ። «ፓስወርዱ ልክ ነው?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ ደረሰኙን እንደ «አዎ» ቆጥሬዋለሁ። ልብሱ ሳይታጠብ ደረሰኙን ለብሼ ወጥቻለሁ በለው! መልሱ እስኪመጣ እንዲጠብቅ አደረግኩት። ድመት ውጭ ቀረች።

ከለቀቅኩት በኋላ ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ደረጃዎን አፈረስኩት።»

«እሰይ! ስወጣ ስወርድ ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው።» «ሌባ ጠርተሃል ግን?»

«ጠራሁ። ገባም።»

«ገባ?! በል ምሳ አለብህ!»

«አለብኝ። እርስዎም ይምጡና አብረን እንብላ።»

«ትራሴ አለች?»

«የት ትሄዳለች ጋሼ!»