ከወንድሟ ስም በላይ ያለው ስም

ታላቅ እህቷ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ከብስክሌቷ ወረደችና መሪውን ተደግፋ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረች።

"አንቺ ልጅ፣ የምታወርጂው ስኳሬን ነው ወይስ እኔኑ?"

ሐውልት ቀራጯ ከፊት ሆና ፍሬን ያዘች። አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ ተክላ ዞር አለች። "ትንሽ ነው የቀረን እትዬ። ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው።"

"ቅድምም ቁልቁለት ብለሽኝ ነበር።"

"ቁልቁለት አልነበረም?"

"ነበረ። ምን ያደርጋል፣ ሳልጠግበው አለቀ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ቀራጯ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ጥርሷም አልታየም። ሐኪሙ ታላቅየዋን እንቅስቃሴ ካላደረግሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም ካላት ወዲህ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በእረፍት ቀናቸው አብረው ብስክሌት ይነዳሉ። ታላቅየዋ ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ፋብሪካ ድረስ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሲመለሱም ጥላ አለው። ዛሬ ግን ታናሽየዋ "ገጠር ገጠሩን እንሂድ" ብላ በማይታወቅ መንገድ ይዛት ወጣች። ከኮርቻዋ ኋላ የታሰረው ቦርሳ ከበድ ያለ ነበር። ምን እንደሆነ ስትጠየቅ "የጎማ መጠገኛ" ብላ አለፈችው።

መንገዱ ጠባብና ጭር ያለ ነው። መኪና አልፎ አልፎ እንኳ አይታይበትም። ግራና ቀኙ አዝመራው ተሰብስቦ ገለባ ብቻ የቀረበት ማሳ ሲሆን፣ ከመሐል መሐል የጦርነቱ መታሰቢያዎች ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ያገኙት ዝገት የበላውን ታንክ ነው፤ በሰንሰለቱ መሐል ሣር በቅሎበታል፤ ዙሪያውን አዲስ ቀለም የተቀባ አጥር ታጥሮለታል። ቀጥሎ ድልድዩ ጫፍ ላይ ነጭ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ታላቅየዋ እያንዳንዱ ጋ እየወረደች፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ጽሑፉን ድምፅ አውጥታ ታነባለች።

"እዚህ ቦታ ለወደቁት ወገኖቻችን።" ከድልድዩ ዓምድ ላይ ቀና አለች። "ውይ፣ ልጆች ነበሩ እኮ ሁሉም።"

"ሁሉም ድንጋይ ላይ 'ወደቁ' ነው የሚለው" አለች ቀራጯ ከብስክሌቷ ሳትወርድ። "ገፍቶ የጣላቸውን የሚናገር የለም።"

"አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሻል? አፍሽ እሬት እሬት ይላል።"

ቀራጯ ፔዳሉን ረገጠች።

የሆነችውስ ባለፈው ወር ነው። አንድ ሽማግሌ ለሟች ሚስቱ የመቃብር ድንጋይ ሊያሠራ ወርክሾፗ መጣ። የትውልድ መንደሩን ስም ሲነግራት መዶሻዋን አስቀመጠች፤ ወንድማቸው የተገደለበት መንደር ነበር። ሽማግሌው በወጣትነቱ በመንደሩ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ወሬ ወሬን አመጣና፣ ለማን እንደሚያወራ ሳያውቅ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ወንድማቸው ከጦርነቱ ሸሽቶ የተደበቀው እዚያ ወፍጮ ቤት ነበር። ወታደሮቹ መንደሩ ሲገቡ ባለወፍጮው ራሱ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ በጣቱም ወደ ጓዳ አመለከታቸው። ልጁን ከወፍጮው ጀርባ ግድግዳ ጥግ አቁመው ረሸኑት። ከጥቂት ቀን በኋላ መድፍ መንደሩ ላይ ሲዘንብ ባለወፍጮውም ሞተ። ጊዜው ጥድፊያ ስለነበር ሟቾቹ ሁሉ ባንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ሰላም ሲወርድ ጉድጓዱ ላይ መታሰቢያ ቆመ። የባለወፍጮው ስም ከወንድሟ ስም በላይ ተጻፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀራጯ መሮዋን ድንጋይ ላይ ባሳረፈች ቁጥር የምታየው ያን ስም ሆነ።

መታሰቢያው ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ይገኛል። ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ሥሩ ላይ አበባ ተተክሏል። ታላቅየዋ የወንድሟን ስም ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ድሮ እናታቸው በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም።

"ለምን ወደዚህ እንደምንመጣ አልነገርሽኝም? ባዶ እጄን!"

"እኔ ይዣለሁ" አለችና ቀራጯ ከቦርሳዋ መሮና መዶሻ አወጣች።

ታላቅየዋ መሣሪያውን አየች፤ የእህቷንም ፊት አየች። "ምን ልትሠሪ ነው?"

ቀራጯ ሽማግሌው የነገራትን ሁሉ ነገረቻት፤ ሳትቸኩል፣ ሳትጮህ። ታላቅየዋ እየሰማች ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

"ሽማግሌው ተሳስቶ ቢሆንስ? ስንት ዘመኑ ነው?"

"ወታደሮቹ ሌላ ቤት አልፈተሹም እትዬ። ካለው ቤት ሁሉ የገቡት ያን አንዱን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ስሙን ብትፍቂው ወንድማችን ይነሳልናል?"

"አይነሳም። ግን ከዚህ ሰውዬ ሥር አይተኛም። አጥንታቸውን መለየት አልችልም፤ ስማቸውን ግን እለያለሁ።"

"እብድ ነሽ! ይህ እኮ የሕዝብ ሐውልት ነው፣ ያስሩሻል!"

ቀራጯ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ተንበርክካ የመሮውን ጫፍ የባለወፍጮው ስም የመጀመሪያ ፊደል ላይ አሳረፈችና አንዴ መታች። የድንጋይ ፍንጣሪ ጉንጯን ነካት።

"ኧረ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

አንዲት ጎልማሳ ሴት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ ከመንደሩ በኩል እየሮጠች መጣች። ጀሪካኑን ጣለችና በእርጥብ መዳፏ ስሙን ከደነችው። መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

"እጅሽን አንሺ" አለች ቀራጯ።

"አላነሳም! አባቴ ነው።"

"ከሥሩ ያለው ደግሞ ወንድሜ ነው።"

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ ስሙን አነበበች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ባንዴ ጠፋ። "የሱ እህት ነሽ? አባቴ ደብቆት የነበረው ልጅ እህት? ውይ የኔ እናት!" ልታቅፋት ሌላ እጇን ዘረጋች። "ስንት ዓመት ሙሉ ከዘመዶቹ አንድ ሰው ቢመጣ እያልን! እናቴ ሁሌ ታነሳዋለች። ጨዋ ልጅ ነበር ትለኛለች። አባቴ የሞተው እሱን ደበቅክ ተብሎ ነው፤ ግን እመኚኝ፣ ቂም የለንም። 'ልጁ ምን ያድርግ' ነው የምትለው እናቴ። እኛ ይቅር ካልናችሁ ቆየን።"

ቀራጯ ከተዘረጋው እጅ ሸሸት አለች። ይቅር ብለዋል። እነሱ!

"እንዲህ ብላ የነገረችሽ እናትሽ ናት?"

"አዎ።"

"በሕይወት አለች?"

"አለች። ያ ቀይ ቆርቆሮ አይታይሽም? እዚያ ነን።" ከዚያ ዓይኗ መሮው ላይ ተመልሶ አረፈ። "ግን... ታዲያ ለምንድን ነው የአባቴን ስም የምትመቺው?"

"ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ተይ" አለች ታላቅየዋ ቀስ ብላ፣ የእህቷን ትከሻ ይዛ። "ተይ፣ አንቺ።"

ቀራጯ ትከሻዋን አስለቀቀች። "አባትሽ አልደበቀውም። አሳልፎ ሰጠው። ራሱ ወጥቶ ወታደሮቹን ተቀበለ፤ ጓዳውን ራሱ አሳየ። ጆንያ ተሸካሚያችሁ በዓይኑ አይቷል። አባትሽን የገደለው ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ የወደቀ መድፍ ነው፤ ከወንድሜ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።"

"ውሸት ነው!"

"እናትሽን ጠይቂያት።"

ሴትዮዋ ምላሽ ስትፈልግ ወደ ታላቅየዋ ዞረች። ታላቅየዋ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ የሴትዮዋ እጅ ከድንጋዩ ላይ ወረደ፤ የመዳፏ እርጥበት ስሙ ላይ ቀረ። አሁን ከልካይ የለም። ቀራጯ ግን የተመታውን ፊደል አይታ መሮውን ወደ ቦርሳው መለሰችው። ሰውዬው ቢፋቅ አያመው፤ ቢጻፍ አይሞቀው። የሚያመው ሰው እዚያ ማዶ፣ በቀዩ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጧል።

"በቃ፣ የልብሽን ተናግረሻል። ወደ ቤታችን እንሂድ" አለች ታላቅየዋ።

"ገና ነው።"

የባለወፍጮው ልጅ ጀሪካኗን ሳታነሳ ከፊት ተራመደች። እህትማማቾቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ ተከተሏት።  ወፍጮው ድሮ ተነቅሎ የቀረው ሲሚንቶ መሠረቱ ብቻ ነው፤ ዶሮዎች ይጭሩበታል። አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ወንበሯን አውጥታ፣ ጭኗ ላይ ትሪ አስቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

"እማ" አለች ልጇ ከአጥሩ ሳትገባ። "ያን ልጅ አባዬ ነው የጠቆመው?"

የአሮጊቷ ጣቶች ባቄላው ላይ ቆሙ። ከልጇ ትከሻ በላይ አሻግራ ሁለቱን ሴቶች አየች። ዓይኗ ቀራጯ ላይ ቆየ።

"የናንተ ነበር?"

"ወንድማችን ነው" አለች ታላቅየዋ።

"አንቺ ላይ አለ፣ ግንባሩ" አለቻት ቀራጯን።

"እማ! እኔን መልሺልኝ። አባዬ ነው?"

"አዎ" አለች አሮጊቷ።

 ልጇ እናቷን በፊት አይታት እንደማታውቅ ሰው ተመለከተቻትና ወደ ቤቱ ጓሮ ዞራ ሄደች። ከጓሮው የታፈነ ለቅሶ ተሰማ። ቀራጯ ደስ አላት። ለራሷ አልዋሸችም፤ ደስ ብሏታል። ይህን ያህል ዘመን ለወንድሟ ሲያለቅሱ የኖሩት እናታቸውና ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ነበሩ። አሁን በዚህም ቤት ተለቀሰ።

አሮጊቷ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ በግድግዳው ተደግፋ ተነሳች። 

"ግቡ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። ለምን እንዳደረገው ልንገራችሁ። የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። ለናንተ ነግሬ ልገላገለው። ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ።"

ታላቅየዋ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ አንድ እግሯን ወደ ግቢው አስገባች። ለምን? ቀራጯም ወር ሙሉ ከሰውዬው ስም እኩል ያብሰለሰላት ይኸው አንድ ቃል ነበር። አስገድደውት ይሆን? ሴት ልጁን መያዣ አድርገውበት ይሆን? ወይስ ለአንድ ኩንታል እህል? መልሱ እዚያ ደጃፍ ላይ፣ በአሮጊቷ አፍ ውስጥ ነው። ግን የአሮጊቷን ፊት አየችው። ምክንያቱን ገና ሳትናገር መፍታታት ጀምሯል፤ ሸክሙን ለማራገፍ እንደጎነበሰ ሰው ትከሻዋ ላልቷል።

"አይንገሩኝ፣ እማማ" አለች።

አሮጊቷ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "ምን አልሽ?"

"አይንገሩኝ። መስማት አልፈልግም።"

"እዚህ ድረስ መጥተሽ ሳትሰሚ ትሄጃለሽ? በወንድምሽ ይዤሻለሁ፣ ጥቂት ብቻ..."

"ይሸከሙት።"

ድምፅዋ ለእናቷ ታላቅ እንደሚናገር ሰው አክብሮት ያለውና የረጋ ነበር። ብስክሌቷን አዞረች። "እትዬ፣ አንቺ ከፈለግሽ ግቢና ስሚ። ለኔ ግን በጭራሽ እንዳትነግሪኝ።"

መንደሩን ስትወጣ ወደ ኋላ አልዞረችም። ታላቅ እህቷ ግቢው ውስጥ የቀረች መስሏት ብቻዋን ብዙ ነዳች። ሜዳማው መንገድ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሌላ ብስክሌት ካቴና ሲንቋቋ ሰማችና ፔዳሏን አቀዘቀዘች። ታላቅየዋ ከጎኗ ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አልገባሁም" አለች። "እግሬ ደጃፉ ላይ ነበር፤ አቃተኝ።" ጥቂት ሄዱ። "ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ልንቀር ነው እኮ።"

ከማሳው በኩል ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ፊት ለፊታቸው ይነፍስ ነበር።

"እንቅር" አለች ቀራጯ፤ ከእህቷም ፊት ገብታ ነፋሱን ጋረደችላት።