ቬሬና የትኛውን ቦት ታድርግ

የመነሻው በር ወደቀና አራቱ ልጃገረዶች በበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳቸው ከተራራው ላይ በአንድ ትንፋሽ ተወረወሩ። ጌብሃርት ከታች፣ ከመድረሻው አጥር ሥር ሆኖ፣ ልጁን በቀይ ሸሚዟ ሳይሆን በአወራረዷ ለያት። ሌሎቹ እንደ ድመት ጉልበታቸውን አጥፈው ሲወርዱ፣ የሱ ቬሬና ቀጥ ብላ፣ በረዶውን በሰሌዳዋ ጠርዝ እየሰነጠቀች ትመጣለች።

"ጎንበስ በይ! የኔ ልጅ፣ ጎንበስ በይ!" አለ ለራሱ።

ጎንበስ ማለት እንደማትችል ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ቀን ከተወዳደሩት ሁሉ ጠንካራ ቦት ያደረገችው እሷ ብቻ ናት። ከላዩ ፕላስቲክ ነው፤ በአራት መቆለፊያ ይጠረቀማል፤ ቁርጭምጭሚትን እንደ ጀሶ ቀፍድዶ ይይዛል። ሌሎቹ ያደረጉት ለስላሳውን ነው፤ በገመድ የሚጠብቀውን፣ ከእግር ጋር አብሮ የሚተጣጠፈውን። በረዶው እንደ መስታወት የጠጠረ እንደሆነ ጠንካራውን የሚያህለው የለም፤ እግር ያሰበውን ሰሌዳው ወዲያው ይፈጽመዋል። በረዶው ከላላ ግን እያንዳንዱ ጉብታ በቀጥታ ጉልበት ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው ጉብታ ላይ ቬሬና እንደ ጆንያ ተወረወረች። በእጇ አየሩን ቧጠጠች፣ ተንገዳገደች፣ እንደምንም ተመለሰችና ሁለተኛ ሆና ገባች። ከአራት ሁለቱ ስለሚያልፉ አለፈች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

"ምነው ከሰል መሰልክ? አልፋለች እኮ!" አለው ጎረቤቱ ክሳቨር፣ ትልቁን የላም ቃጭል በሁለት እጁ እየነቀነቀ።

"ጉብታው ወረወራት። አላየህም እንዴ?"

"ጧት ነግሬህ ነበር። የኔዋ አኔሊስ ገና ሳይነጋ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ነው የተነሳችው። እሷ ራሷን ካሰረች ፎን ይነፍሳል። ቴርሞሜትርህን ትተህ የሚስቴን ራስ ብታምን ኖሮ..."

"ዝም በል እስቲ፣ አንተ ሰው!"

ፎን ማለት ከደቡብ ተራራውን ተሻግሮ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ ነው። በዚያ ሸለቆ ያደገ ሰው፣ ፎን ሲመጣ ላሞቹ እንደሚቆጡ፣ የሴቶቹ ራስ እንደሚፈለጥ፣ በረዶውም በግማሽ ቀን ውኃ እንደሚሆን ያውቃል። ጌብሃርትም ያውቃል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አርባውን በቦት መጠገኛ ሱቁ ያሳለፈ፣ በወጣትነቱም በጠንካራ ቦት የተወዳደረ ሰው ነው። ግን ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀውን ነገር በሚወደው ነገር ይጋርደዋል። በማለዳ ብርዱ ከዜሮ በታች ዘጠኝ ነበር። ሠራተኞቹ በረዶው እንዲጠጥር ጨው ነስንሰውበታል። በተረከዙ ቢመታው ድንጋይ ነው። "የቱን ላድርግ፣ አባዬ?" ስትለው፣ ሳያስብ "ጠንካራውን" አላት።

በጧቱ የሰዓት ማጣሪያም ከሠላሳዎቹ ሦስተኛ ወጣች። ትናንት የድሮ ቦቷን አይተው "ሙዚየሟ መጣች" ብለው የሳቁባት ልጆች ጸጥ አሉ። ጌብሃርት በደስታ ለክሳቨር ቋሊማ በዳቦ ገዛለት። አምስት ሰዓት ላይ ነው ነፋሱ አንገቱን በሞቀ እጅ የዳበሰው።

ነገሩ እንዲሁ የጨዋታ ነገር አልነበረም። ቬሬና ዛሬ እስከ አምስተኛ ከወጣች በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ትቆያለች። ካልወጣች ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትመለሳለች፤ ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመቷ ነውና ቡድኑ ሁለተኛ አይጠራትም።

እና ያን በጉብታው የተወረወረችበትን ዙር ጨርሳ ወደ አጥሩ መጣች። ለስላሳው ቦትና ከቦቱ ጋር የሚሄደው ሰሌዳ ከጌብሃርት እግር ሥር ነበሩ።

"ይቀየር እንዴ?" አለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነው፤ ጠይቃ ቃሉን አትጠብቅም፣ ፊቱን ታያለች።

አዎ ሊላት ነበር። ነገር ግን እሱ ራሱ ያስተማራት ነገር አለ፤ "ያሳለፈሽን ጫማ በመሃል አትክጂው" የሚል። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ባለፈው እሑድ መጠጥ ቤት ውስጥ በሰው ፊት "ለስላሳ ቦት የመኝታ ቤት ነጠላ ጫማ ነው" ብሎ ነበር።

"እንዳለ ይሁን" አላት።

እሷም አምናው ሄደች።

በግማሽ ፍጻሜው ከበሩ የወጣችው አንደኛ ሆና ነው። ላይኛው መንገድ ጥላ ስለሆነ ገና እንደጠጠረ ነው፤ ጠንካራው ቦት እንደ ጥይት አስወነጨፋት። ክሳቨር ቃጭሉን ሊሰብረው ደረሰ። ጌብሃርት ግን አልጮኸም። ፀሐይ የሚመታውን የታችኛውን ክፍል እያየ፣ መኪና ልጁ ላይ ሲመጣ በመስኮት እንደሚያይ ሰው፣ የአጥሩን መረብ ጨብጦ ቆመ። መጮህ ይችላል፤ አትሰማውም። መሮጥ ይችላል፤ አይደርስም። ሦስተኛው ጉብታ መታት። አራተኛው ደገማት። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ አለፏት። ሦስተኛ ሆና ገባች፤ ትልቁ ፍጻሜ አመለጣት።

የቡድኑ አሠልጣኝ ኮርዱላ መገናኛ ሬዲዮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።

"ጋሼ፣ ትንሹ ፍጻሜ ይቀራታል። ሃያ ደቂቃ አላት። አንደኛ ከወጣች በጠቅላላው አምስተኛ ነች፣ ቡድኑ ውስጥ ትቆያለች። ሁለተኛ ከሆነች ግን..." አልጨረሰችውም።

"ቦቱን በተመለከተ አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ቦት የተወዳዳሪው ጉዳይ ነው። የቬሬና ደግሞ፣ አይቆጡኝና፣ የእርስዎ ጉዳይ ነው።"

ቬሬና እያነከሰች መጥታ በረዶው ላይ ዝርግፍ አለች።

"ምን አጠፋሁ፣ አባዬ? ጉብታው ላይ ዘገየሁ አይደል?"

"አልዘገየሽም።"

"ታዲያ?"

"ቦቱ ነው። ማለቴ፣ እኔ ነኝ። ቅድም ስትጠይቂኝ መቀየር እንዳለብሽ አውቄ ነበር። አፍሬ ነው እንዳለ ይሁን ያልኩሽ።"

ቁጣ ጠብቆ ነበር፤ አልመጣም። አለመቆጣቷ ደግሞ ባሰበት።

"እሺ። አሁንስ?" አለች ጉልበቷን እያሸች። "ላይኛው አሁንም ድንጋይ ነው። በጠንካራው ከበሩ ስወጣ ማንም አይዘኝም። ታችኛው ደግሞ ገንፎ ሆኗል። በለስላሳው ጉብታውን እችለዋለሁ፤ ግን ከነካሁት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የቱን ላድርግ?"

ጌብሃርት አንዱን ቦት አየ፣ ሌላውን አየ። አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን እግር ሁሉ በእጁ ይዞ "ይሄ ይሆንሃል፣ ይሄ አይሆንሽም" ሲል ኖሯል። አሁን ውስጡን ቢፈትሸው ባዶ ነው። በጠንካራው ጉልበቷ ሊጎዳ ይችላል። በለስላሳው ገና ከበሩ ልትቀደም ትችላለች።

"አላውቅም" አላት።

"አንተ? አታውቅም?" ሳቅ አመለጣት። "ክሳቨር፣ ሰማኸው?"

"ሰምቻለሁ" አለ ክሳቨር። "በደወል ይታወጅ እንዴ?"

"የምሬን ነው፣ የኔ ልጅ። አላውቅም።"

ሳቋ ጠፋ። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ፊቱን ታየው ጀመር። ቃል ቢጠፋ ፊት አይጠፋምና፣ ከቅንድቡ፣ ከከንፈሩ ጫፍ መልሱን ልትለቅም። ጌብሃርት ታወቀው። ዓይኑ ሳያዝዘው ወደ አንደኛው ሰሌዳ ማዘንበል ጀምሯል። ትንሽ ቢቆይ ታነበዋለች፤ ደግሞ ታምነዋለች።

ዞረ። ጀርባውን ሰጣት። ሁለት እጁን አጥሩ ላይ አሳረፈና ወደ መኪና ማቆሚያው አየ።

"ምን ሆነህ ነው? ልጅቷን አታግዛትም?" አለው ክሳቨር በሹክሹክታ።

"እያገዝኳት ነው።"

ከኋላው አንድ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ተፈታ። ተወዳዳሪ ሁሉ በዙር መካከል እግሩን ለማሳረፍ መቆለፊያ ይፈታል፤ ከድምፁ የሚታወቅ ነገር የለም። ጆሮው እስኪያመው አዳመጠ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። በድምፅ ማጉያው የትንሹ ፍጻሜ ተወዳዳሪዎች እንዲወጡ ተጠራ።

"አባዬ" አለችው።

"ወዬ።"

"ዞር በልና እየኝ እስቲ።"

አንገቱ ሊታዘዝላት ፈለገ። መረቡን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"ላይ ደርሰሽ በሩ ውስጥ ስትገቢ አይሻለሁ" አላት።