ሰማንያ ወንበር

«ይቺኛዋ ትጥፋ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ዳስተሩን ከሒሳብ መምህርቷ እጅ እየወሰዱ። ማንንም ሳይጠይቁ ሦስተኛዋን መስመር ከሰሌዳው ላይ ሙልጭ አድርገው አጠፏት።



የተማሪዎቹ ትያትር ሊታይ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ እያፈሰሰ መጻሕፍቱ አብጠዋል፤ ለማሳደሻው አርባ ሺህ ብር ያስፈልጋል። የገቢ ማሰባሰቢያው ሰብሳቢ መምህርቷ ስለሆነች ዕቅዱን ከክፍሏ ጋር «አይበልጥም፣ አያንስም» በሚሉ የኢ-እኩልነት መስመሮች ሠራችው። የመጀመሪያዋ መስመር፦ አዳራሹ ከሦስት መቶ ሰው በላይ አይይዝም። ሁለተኛዋ፦ ጎልማሳ በሁለት መቶ፣ ተማሪ በመቶ ብር ገብቶ ድምሩ ከአርባ ሺህ ማነስ የለበትም። ሦስተኛዋን ተማሪዎቹ ራሳቸው ጨመሯት፦ ከአምስቱ ክፍሎች ሠላሳ ሠላሳ፣ ቢያንስ መቶ ሃምሳ ተማሪ ይግባ። ሁለት ወር ሙሉ ልብስ የሰፉት፣ መጋረጃ የቀቡት እነሱ ናቸው። ሦስቱ መስመሮች ግራፉ ላይ ተገናኝተው፣ ሁሉንም የሚያሟሉ ቁጥሮች የሚገኙባትን አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ለካ ይቻላል!

ዛሬ ጠዋት ግን ርዕሰ መምህሩ ሰማንያ የክብር እንግዶች በነፃ እንደሚገቡ አስታወቁ። ለሽያጭ የቀረው ሁለት መቶ ሃያ ወንበር ሆነ። መቶ ሃምሳው ለተማሪ ከተያዘ ለጎልማሳ የሚተርፈው ሰባ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቢሸጥ እንኳ ከሃያ ዘጠኝ ሺህ አያልፍም። ሦስት ማዕዘኗ ድራሿ ጠፋ።

«በሉ አሁን ሥሩት» አሉ ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን እያራገፉ። «መልሱ ይመጣል።»

ስለ ሁሉ ነገር «ለምን» ስለምትል ጓደኞቿ «ለምንዬ» የሚሏት ልጅ ደብተሯ ላይ ጫር ጫር አድርጋ ተነሣች።

«ይመጣል ጋሼ። መቶ ሰማንያ ጎልማሳ፣ አርባ ተማሪ። ሌሎቻችንስ?»

«እናንተማ ልምምዱን ስታዩት ከረማችሁ! ደግሞ በቪዲዮ ይቀረጻል።»

መምህርቷ በልጆቹ ፊት ላለመናገር ጥርሷን ነክሳ እስከ ኮሪደሩ ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ የደከሙበትን ደጅ ቆመው ይስሙት?»

«እህቴ፣ ነገር አታክርሪ። አምና እንግዶቹ ወንበር አጥተው ተቀይመው ሄዱ። የጠየቅነው የላቦራቶሪ ዕቃ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ይህን ሁሉ የማደርገው ለማን ይመስልሻል?»

«እንግዲያው ከፍለው ይግቡ። ወንበር አያጡም።»

«የተከበረን ሰው ሁለት መቶ ብር አምጣ ማለት ነውር ነው!»

«መቶ ብር ይዞ የመጣን ልጅ ከበር መመለሱስ?»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «የጥሪው ደብዳቤ ታትሟል። በሰብሳቢነትሽ እስከ ስምንት ሰዓት ፈርመሽ አስረክቢ» አሉና ሄዱ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች ለራሷ። ወደ ክፍል ስትመለስ ለምንዬ ሰሌዳው ፊት ቆማ ነበር።

«መምህር፣ መስመር ማጥፋት በሒሳብ ይፈቀዳል?»

«የትኛውንም ማጥፋት ይቻላል። መጀመሪያ ግን መስመሯ ማን እንደሆነች ማወቅ አለብሽ።»

«ያቺ እኛ ነበርን።»

ልጅቷ ጠመኔውን አንስታ የመጀመሪያዋን መስመር ነካች።

«ይቺኛዋን ለምን አልነኳትም?»

«እሷ ግድግዳ ናት። አዳራሹን መለጠጥ አይቻልም።»

«ሰማንያውስ? እሱም ግድግዳ ነው?»

መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ግድግዳ አይደለም። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በብዕር የጻፈው ቁጥር ነው። እሷ ግን ጠዋት እንደ ሰማች፣ ማን አለ ምን አለ ሳትል፣ ከሦስት መቶው ላይ ቀንሳ ሰሌዳ ላይ አስፍራዋለች። ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ በራሷ በገነች።

«ቁጭ በይ፣ ጎበዝ» አለቻት።

በምሳ ሰዓት ጸሐፊዋ ዘንድ ገባች። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ደብዳቤዎቹ ተደርድረው ጠበቋት። ቆማ የመጀመሪያውን አነበበች፤ «በክብር ተጋብዘዋል» ይላል።

«እትዬ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርልኝ። ‹የመግቢያ ዋጋ ሁለት መቶ ብር፤ ገቢው ለቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ።›»

ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሳቸው ያውቃሉ?»

«ፊርማው የኔ ነው።»

«ጉድ ይፈላል፣ ልጄ!»

«ይፍላ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አዩዋትና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። መስመሯን ጨምረው እንደገና ማተም ጀመሩ። ወረቀቱ ገና ሳይቀዘቅዝ መምህርቷ እየተቀበለች ትፈርማለች። ሰባ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ የጸሐፊዋ እጅ ቆመ።

«የቀረው የርዕሰ መምህሩ የራሳቸው ነው። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስማቸውን አስገብተዋል።» ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን እንኳ እንደ ነበረው ልተወው?»

መምህርቷ ብዕሯን እንደያዘች ወደ ሰዓቱ ተመለከተች። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።

«እሳቸውም ጎልማሳ ናቸው፣ እትዬ» አለች። «ሁለት መቶ ብር ብለው ይጻፉ።»