የገመዳ ነጎድጓድ

ገመዳ ቅናቱን ለማንም አይተነፍስም፤ ቆርቆሮው ላይ ይወጣዋል እንጂ። ከሞጆ እስከ ቆቃ ቤት በቆርቆሮ በመክደን የማይታማ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ የአዳማ አንድ ቀበሌ ኪነት ቡድን ቴአትር ሲያዘጋጅ፣ ነጎድጓዱን ለእሱ ሰጡት። ሚስቱን ጉዲቱን ደግሞ ለጆቴ ሰጧት። መስጠት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ቴአትሩ ብርድ፣ ጎርፍና ጦርነት ተራ በተራ ስለሚወርዱበት አንድ ቤተሰብ ነው። መዓት በመጣ ቁጥር ገመዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆርቆሮውን ያርገፈግፋል፤ ባልና ሚስቱ ይተቃቀፋሉ። ነጎድጓዱ ሲቆም ይላቀቁና «ተረፍን!» ይላሉ። ባልየው ጆቴ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ምላሱ ማር። ገመዳ አቤት ሲጠላው!

በልምምድ ላይ ቆርቆሮውን ሁለቴ ነካ አድርጎ ያቆማል። ጆቴ እጁን ገና ሲዘረጋ መዓቱ አልቋል።

«ገመዳ፣» አሉት አዘጋጁ ጋሽ ገብረኪዳን፣ «ይሄ የጥፋት ውሃ ነው ወይስ ጉሮሮ መጠራረግ?»

ሁሉም ሳቀ። ጉዲቱም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ አንጀቱን አቃጠለው።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስቅሻል?» አላት ቤት ሲገቡ።

«ቴአትር እኮ ነው፣ ገመዳ። ነጎድጓዱ ሲቆም እንላቀቃለን።»

ይህችን ቃል ይዞ ሰነበተ። እውነቷን ነው፤ የሚያስተቃቅፋቸው ቆርቆሮው ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ በእሱ እጅ ነው። እንዲያውም በራሱ ቅናት አፈረ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሹማምንት ከፊት ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ካሳጠርክ አሻጥር ነው ይሉሃል» አሉት ጋሽ ገብረኪዳን በሹክሹክታ። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል አይቀለድም። ስለዚህ ብርዱን አስረዘመ፣ ጎርፉንም አስረዘመ። በመጋረጃው ቀዳዳ እያየ፣ ጥርሱን ነክሶ አርገፈገፈ። ሁለቱንም ጊዜ እንዳቆመ ተላቀቁ።

ጦርነቱ መጣ። ተቃቀፉ። ገመዳ ክንዱ እስኪዝል ነጎድጓዱን አወረደው። ከዚያ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ ደግፎ ጸጥ አሰኘው።

አዳራሹ ረጭ አለ። «ተረፍን» የሚል ግን ጠፋ። ጉዲቱ ዓይኗን ጨፍና ጆቴ ትከሻ ላይ እንዳለች ናት። ጆቴም አልለቀቃትም። ከሹማምንቱ አንዱ ሳል አደረገ።

ገመዳ ቀዳዳው ላይ ደርቆ ቀረ። ያፈረበት ቅናት እውነት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሕዝቡ ሊነቃ ነው፣ የከተማው መሳቂያ ሊሆን ነው። ቆርቆሮውን ብድግ አደረገና፣ እንባው እየወረደ፣ ያስተቃቀፋቸው መዓቱ እንዲመስል እንደገና ያርገፈግፈው ጀመር።